በቅሎ ዘንባባ፦ ወገንን ከወገን ስለ ማዳቀል

በሞቃት አገር የአትክልት ሥፍራ፣ ሣሩ በተስተካከለበት፣ ውኃው በቦይ በሚወርድበት፣ ከልዩ ልዩ ደሴትና አህጉር የመጡ ዘንባባዎች ጥላቸውን አጋጥመው በቆሙበት ቦታ፣ አንድ ሰው በመሰላል ወጥቶ ከአንዱ ዛፍ አበባ የሰበሰበውን ብናኝ በሌላው ወገን ዛፍ አበባ ላይ ሲነሰንስ ያየ ተመልካች፣ የሥራውን ማማር ከማድነቁ በፊት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። ይኸውም ፈጣሪ በባሕርና በበረሃ፣ በጊዜና በጠባይ ለይቶ ያስቀመጠውን ፍጥረት ሰው ሊያገናኘው ሥልጣን አለውን? ቢያገናኘውስ ከፈጣሪው ጋራ እንደ ሠራ ይቈጠርለታልን፣ ወይስ ባልተሰጠው ርስት እንደ ገባ ይፈረድበታል? የሚል ነው።

ጥያቄውን ሥራ የፈታ አእምሮ አላመነጨውም። ኦሪት ዘፍጥረት ምድር ዕፅዋትን ሁሉ በየወገናቸውና በየዘራቸው እንዳበቀለች ሲመሰክር፣ የወገንን መለያየት የአንድ ዕለት ሥራ ብቻ ሳይሆን እንደ ጸና ሥርዓት አድርጎ ይናገረዋል። የእኛም ሊቃውንት በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው የዕለተ ሠሉስን ፍጥረት በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በምሳር የሚቈረጡ ዕፅዋት ብለው በሦስት ከፍለው እያንዳንዱን በየረድፉ አቁመውታል። ዘንባባ ግንዱ በምሳር የሚወድቅ፣ ፍሬው በእጅ የሚለቀም በመሆኑ በየትኛው ረድፍ መቆም እንደሚገባው ቢያከራክርም፣ ረድፍ ያለው መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ከዚህም በላይ ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 እንስሳን ልዩ ወገን ከሆነ እንስሳ ጋራ ማራባትን፣ እርሻንም በሁለት ዓይነት ዘር መዝራትን ስለሚከለክል፣ ዘንባባን ከዘንባባ የሚያዳቅል አማኝ ይህን ምዕራፍ ሳያነብ ማለፍ አይችልም።

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ግን ሥራውን በቅርብ እንየው። ቡቲያ የሚባለው ዘንባባ አገሩ ደቡብ ብራዚልና ኡራጓይ ነው፤ ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ወደ አመድማ ሰማያዊ የሚያደላና እንደ ቀስት የሚጎብጥ፣ ዕድገቱ አዝጋሚ፣ ብርድን ግን የሚችል ዛፍ ነው። ሰዎች ንግሥት ዘንባባ የሚሉት ስያግሩስ ደግሞ የዚያው አህጉር ተወላጅ ሲሆን፣ ቁመቱ ረጅም፣ ቅጠሉ ለምለምና የተበተነ፣ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ውርጭ ሲነካው ግን ቶሎ የሚጎዳ ነው። ሁለቱን ለማዳቀል የሚሻ አትክልተኛ ቡቲያን እናት አድርጎ ይመርጣል። የአበባው ዘለላ እንደ እንጨት የጠነከረውን ሽፋን ሰንጥቆ ሲወጣ በየቀንበጡ ላይ ወንዴና ሴቴ አበቦች አብረው ይገኛሉ፤ ሴቴዎቹ ወደ ቀንበጡ ሥር ሲሆኑ ወደ ጫፉ ያሉት ወንዴዎች ብቻ ናቸው፤ ቀድመው የሚፈኩትም ወንዴዎቹ ናቸው። ስለዚህ አትክልተኛው እነርሱ ሳይፈኩ በፊት የቀንበጡን ጫፍ በመቀስ ይቈርጣል፤ በሴቴዎቹ ግራና ቀኝ ተጣብቀው የቀሩትንም ወንዴዎች አንድ በአንድ በጣቱ ይለቅማል። አንዲት ብታመልጠው ዛፉ ከራሱ ይፀንስና ከድካሙ ከፊሉ ከንቱ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ንብና ነፋስ ያልተፈለገ ብናኝ እንዳያመጡ ዘለላውን በሙሉ በከረጢት ሸፍኖ ይጠብቃል፤ ከቀናት በኋላ የሴቴዎቹ ጫፍ ርሶ ሲያብለጨልጭ ከስያግሩስ የተሰበሰበውን፣ ደርቆና ተነፍቶ የተቀመጠውን ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ይነሰንስባቸዋል። ፍሬው ከበሰለም በኋላ ዘሩ እንደ ድንጋይ በጠነከረ ቅርፊት ውስጥ ተዘግቶ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ሳይበቅል ይቆያል። ከበቀሉት ችግኞች መካከል እናታቸውን ብቻ የሚመስሉ ሲገኙ፣ እነዚያ ካመለጠች ወንዴ አበባ የተፀነሱ ናቸውና ይለያሉ፤ የቀሩት ግን የእናታቸውን ብርድ መቻል ከአባታቸው ፈጣን ዕድገትና ከቅጠሉ ልምላሜ ጋራ አጣምረው ያድጋሉ።

ይህን ድቅል በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ በፈረንሳይ የሜዲትራንያን ዳርቻ በጎልፍ ዡዋን ያስገኘው ፖል ናቦናን የተባለ አትክልተኛ ሲሆን፣ ዛሬ በፍሎሪዳና በሌሎችም ሞቃት አገሮች በመንገድ ዳርና በየግቢው የሚተከለው ይኸው ዛፍ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አትክልተኞች በቅሎ ዘንባባ ብለው ሰይመውታል። እንደ በቅሎም ከወላጆቹ የጠነከረና ያማረ ሆኖ ሳለ ራሱን የሚተካ ዘር እምብዛም አይሰጥም። ስለዚህ እያንዳንዱ በቅሎ ዘንባባ ከቡቲያና ከስያግሩስ እንደ ገና መወለድ አለበት። ይህ ለነገሬ ዋና ቁም ነገር ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

በቅሎን ካነሣን የኦሪቱን ክልከላ ካነበብን በኋላ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊን መግለጥ ይገባናል። ንጉሥ ዳዊት አርጅቶ፣ አዶንያስ መንግሥቱን ሊነጥቅ በተነሣ ጊዜ፣ ካህኑ ሳዶቅና ነቢዩ ናታን ሰሎሞንን ወደ ግዮን ምንጭ ወስደው እንዲቀቡት ዳዊት ሲያዝዝ፣ እንዲቀመጥ ያደረገው በራሱ በቅሎ ላይ ነበር። እንግዲህ በሌዋውያን ሕግ ሊራባ ያልተፈቀደው እንስሳ የተቀባውን ንጉሥ ተሸክሞ ወደ ቅብዓቱ ሥፍራ ሲወስደው እናያለን፤ በዙሪያው ከነበሩት ካህንና ነቢይ አንዳቸውም አልተቃወሙም። የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ውጥረት በብዙ መንገድ ተመልክተውታል። ከጥንት መምህሮቻቸው አንዱ የሆነው ረቢ ዮሴ፣ በመጀመሪያዋ ሰንበት ማግሥት እግዚአብሔር ለአዳም ከላይኛው ጥበብ የመሰለ ማስተዋል ሰጠው፤ በዚያም ማስተዋል ሁለት ድንጋይ አጋጭቶ እሳትን፣ ሁለት እንስሳ አገናኝቶ በቅሎን አገኘ ብሎ እንዳስተማረ በታልሙድ ተጽፏል። ማዳቀልን ከእሳት ጋራ በአንድ ረድፍ ያስቀመጠው ይህ ትምህርት እጅግ ይደንቀኛል፤ እሳት ያበስላል፣ እሳት ያቃጥላል፤ ጥበቡም የተሰጠው ፍጥረት ከተፈጸመ በኋላ እንጂ ፍጥረት ሲጀመር አይደለምና፣ ሰው በተጠናቀቀ ሥራ ላይ እንዲጨምር የተፈቀደለት ያህል ነው።

ዕፅዋትን ማዳቀል ሆን ብለው ከጀመሩት ሰዎች መካከል ስሙ በመጀመሪያ የሚጠራው ቶማስ ፌርቻይልድ በዚህ ጥያቄ ላይ ያሰበ ይመስላል። በለንደን ከተማ በሆክስተን አትክልት እያፈላ ይሸጥ የነበረው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1717 ስዊት ዊልያም የሚባለውን አበባ ብናኝ በካርኔሽን አበባ ላይ አድርጎ ከሁለቱ የተለየ አበባ አወጣ፤ አበባው ዘር ስላልሰጠም የፌርቻይልድ በቅሎ ተባለ። ሰውየው በ1729 ሲሞት በኑዛዜው ለሾርዲች ቅዱስ ሊዮናርድ ቤተ ክርስቲያን 25 ፓውንድ ተወ። ፈቃዱም በየዓመቱ ከበዓለ ጰራቅሊጦስ ቀጥሎ በሚውለው ማክሰኞ፣ እግዚአብሔር በፍጥረቱ ስለ ገለጠው ድንቅ ሥራ ወይም በዕፅዋትና በእንስሳት መለዋወጥ ስለሚረጋገጠው ትንሣኤ ሙታን ስብከት እንዲሰበክ ነበረ። ብዙዎች ይህን ኑዛዜ የተጨነቀ ኅሊና ካሣ አድርገው ይተርኩታል። እኔ ግን በመረጣቸው ርእሶች ውስጥ ከንስሐ ይልቅ ምስጋናን አነባለሁ፤ ያጠፋ መስሎት የሚፈራ ሰው ስለ ኃጢአትና ስለ ሥርየት እንዲሰበክለት በጠየቀ ነበር እንጂ ስለ ፍጥረት ግሩምነት ባልጠየቀም። የእኛ ሊቃውንት ለዕፅዋት መፈጠር የሰጧት ዕለት ያችው ማክሰኞ መሆኗን ሳስብ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ዕለት መገናኘታቸው ደስ ያሰኘኛል።

ደግሞም የሰው እጅ በዘንባባ ጋብቻ ውስጥ የገባው ትናንት አይደለም። ተምር ወንዱና ሴቷ በተለያየ ዛፍ የሚበቅሉ ስለሆኑ፣ የመስጴጦምያ ሰዎች የወንዱን አበባ ብናኝ ወስደው በሴቷ ላይ ያደርጉ እንደ ነበር የሐሙራቢ ሕግ የተምር አትክልትን ለሚያራባ አትክልተኛ ድርሻውን ሲወስን ያስረዳል። ቅዱስ ባስልዮስም በስድስቱ ዕለታት ድርሳኑ፣ ሴቲቱ ዘንባባ ቅርንጫፎቿን ወደ ወንዱ ዝቅ እንደምታደርግና ጠባቂዎቿ ብናኙን እንደሚያራግፉባት እያደነቀ ይናገራል እንጂ የጠባቂዎቹን እጅ ጥፋት አይለውም። እ.ኤ.አ. በ1749 ዮሐን ግሌዲች በበርሊን የዕፅዋት ጥናት ሥፍራ ለረጅም ዘመን ፍሬ አልባ ሆና የቆየችውን ሴቴ ዘንባባ፣ ከላይፕሲግ ወንዴ ዛፍ ተቈርጦ በተላከ አበባ ብናኝ አስፀንሶ በሚቀጥለው ዓመት ፍሬዋን ባየ ጊዜ፣ ዕፅዋት ወንድና ሴት አላቸው የሚለው ትምህርት በማይካድ ማስረጃ ጸና። ከዚያም በኋላ የዘርን ሥርዓት ከሌሎች ሁሉ አብልጦ የመረመረው ግሬጎር ሜንዴል፣ በብርኖ ገዳም መነኩሴ ሆኖ በገዳሙ አትክልት ሥፍራ አተር ሲያዳቅል የኖረ ሰው ነበር።

በርግጥ አጥብቆ የሚከራከር ሰው፣ አሁን የጠቀስሃቸው የዘንባባና የአተር ምሳሌዎች ሁሉ ወገንን ከራሱ ወገን ጋራ የሚያገናኙ ናቸው እንጂ ልዩ ወገኖችን የሚያደባልቁ አይደሉም ይለኛል። እውነቱን ነው። ለእርሱ የምሰጠው መልስ ከሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የተወሰደ ነው። ሐዋርያው ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 11፣ የአሕዛብን ወደ ተስፋ መግባት ሲገልጥ የመረጠው ምሳሌ የበረሃ ወይራ ቅርንጫፍ ከመልካም ወይራ ጋራ መጣበቅ ነው፤ ይህም ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ መሆኑን አልሸሸገም። አስተውሉ፤ ሐዋርያው የእግዚአብሔርን ምሕረት ለማስረዳት ተፈጥሮ በራሷ የማታደርገውን፣ የአትክልተኛ እጅ ብቻ የሚፈጽመውን ሥራ ወሰደ። ማጣበቅና ማዳቀል በጥበባቸው ቢለያዩም፣ የሰው እጅ ከወገን ድንበር ባሻገር መዘርጋቱ በሁለቱም ያው ነው፤ ያ መዘርጋት በራሱ ርኩስ ቢሆን ኖሮ የምሕረት ምሳሌ ባልሆነም።

እንግዲህ ማዳቀል ኃጢአት አይደለም እላለሁ። ነገር ግን እዚህ ላይ የሚያቆም አስተሳሰብ ግማሹን ብቻ ያስባል። አዳም በገነት በተቀመጠ ጊዜ የተሰጠው ትእዛዝ ሁለት ነበር፤ ገነትን እንዲያለማትና እንዲጠብቃት። ማዳቀል ከማልማት ወገን ነው። የሚጠበቀው ምን እንደ ሆነ ያልጠየቀ አልሚ ግን ከሁለቱ ትእዛዛት አንዱን ጥሏል።

የካናሪ ደሴቶችን እንመልከት። በእነዚያ የአትላንቲክ ደሴቶች ብቻ የተፈጠረና በግርማው በዓለም አደባባዮች የታወቀ ዘንባባ አለ፤ የተምር የቅርብ ዘመድ ነው። ሰዎች ለጌጥና ለፍሬ ብለው ተምርን ከውጭ እያመጡ በደሴቶቹ በተከሉ ጊዜ፣ የሁለቱን ብናኝ ነፋስና ነፍሳት እያደባለቁት፣ ከሸለቆው ዛፍ ሥር የወደቀው ዘር ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግር ጀመር። በዚህ ድብልቅ የተነሣ የደሴቱ ወገን ንጽሕና ዛሬ በሥጋት ላይ ነው። በሀዋይ ደግሞ ፕሪቻርዲያ የሚባሉት ዘንባባዎች እያንዳንዳቸው በየደሴቱና በየተራራው ተለይተው የኖሩ ሲሆኑ፣ በአንድ የአትክልት ሥፍራ ጎን ለጎን በተተከሉ ጊዜ በቀላሉ ይዳቀላሉ፤ ከእንዲህ ያለ ሥፍራ የተለቀመውን ዘር ወስዶ በተራራው ላይ መልሶ የሚተክል ሰው ወገኑን ያዳነ መስሎት ያጠፋዋል። በቅሎ ዘንባባ እንዲህ አያደርግም። ዘር እምብዛም ስለማይሰጥ ወላጆቹን ከምድራቸው አይገፋቸውም፤ እንደ ገና እንዲወለድ ስለሚያስፈልግም የሚወድደው ሰው ቡቲያንም ስያግሩስንም በንጽሕናቸው ጠብቆ እንዲያቆይ ይገደዳል። የበቅሎን መምከን እንደ ርግማን የሚቈጥሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን በዚህ መምከን ውስጥ የፈጣሪን ርኅራኄ አያለሁ፤ ለሰው አዲስ ነገር እንዲያወጣ ፈቅዶለት፣ የቀድሞውን ነገር እንዳያጠፋው በራሱ በአዲሱ ላይ ድንበር አበጅቶለታልና።

ይህ ሥጋት ከእኛም የራቀ አይደለም። በአገራችን በወንዝ ዳር የሚበቅለው፣ በሆሣዕና ዕለት ምእመናን ቅጠሉን ሰንጥቀው ቀለበትና የግንባር ማሰሪያ የሚጐነጉኑበት ዘንባባ የዚያው የተምርና የካናሪው ዘንባባ ዘመድ ነው። በዚህ ነገድ የሚቈጠሩት አሥራ አራት ያህል ወገኖች ሁሉ ወንዱና ሴቷ በየዛፉ የተለዩ፣ እርስ በርሳቸውም ያለ ችግር የሚዳቀሉ ናቸው፤ ድቅላቸውም እንደ በቅሎ ዘንባባ መካን አይደለም፣ ዘር ይሰጣል። በውጭ አገር የአትክልት ገበያ በእኛው ዘንባባ ስም የሚሸጠው ብዙ ችግኝ የተዳቀለ መሆኑን አዋቂዎቹ ይናገራሉ። ከተሞቻችንን በውጭ ዘንባባ ለማስጌጥ የምንሻ ሁሉ፣ የምንተክለው ዛፍ ከወንዙ ዳር ዘንባባ ምን ያህል እንደሚርቅ ልንጠይቅ ይገባናል። ውበትን መሻት መልካም ነው፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ለዘመናት በእጅ የተያዘው ቅጠል ባለማወቅ ቢጠፋ በምን እንተካዋለን?

ሌላም ግዴታ አለ፤ እርሱም እውነትን መናገር ነው። ዘንባባ የሚያዳቅሉ ሰዎች የድቅሉን ስም ሲጽፉ እናቱን አስቀድመው፣ በመካከል የመስቀለኛ ምልክት አድርገው፣ አባቱን ያስከትላሉ። ይህ ትንሽ ልማድ ለእኔ ትልቅ ምግባር ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው፣ የሻጭ ጠባይ የሚያስከብረውን ወላጅ ጠርቶ ሌላውን ዝም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ገዢው ችግኙን እንደ ንጹሕ ወገን ይተክለዋል፤ ዘሩንም እንደ ንጹሕ ዘር ለሌላው ይሰጣል፤ ስሕተቱም ከግቢ ወደ ግቢ ይተላለፋል። ቅዱስ ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ግን ረዓብንና ሞዓባዊቷን ሩትን በስማቸው ጠርቶ አስገብቷል። ሞዓባዊ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ኦሪት ከልክላ ሳለ፣ ወንጌላዊው ከዚያ ወገን የመጣችውን እናት አልደበቀም፤ የዳዊትም ክብር በአያቱ እናት ስም መጠራት አልጐደለም።

ማዳቀል ለምሕረት የሚውልበት ጊዜም አለ፤ ይሁን እንጂ ምሕረቱ ዋስትና የለውም። በጃማይካ ደሴት ቅጠልን እያወየበ የኮኮነት ዛፍን የሚገድል በሽታ በተስፋፋ ጊዜ፣ የማላያን ድንክ ኮኮነት ከፓናማ ረጅም ኮኮነት ጋራ አዳቅለው ሜይፓን የሚባለውን ዛፍ አወጡ፤ በደሴቲቱና በፍሎሪዳ ብዙ ተተከለ፤ ለጊዜውም በሽታውን ተቋቋመ። ከዓመታት በኋላ ግን እርሱም በብዛት ተጠቃ። የእነዚያን ሰዎች ድካም የሚያቃልል ቃል ከእኔ አይወጣም፤ የሰው ጥበብ ጊዜን ይገዛል እንጂ ዘመንን አይዘጋም።

ይህን ሁሉ አመዛዝኜ ለራሴ የማቀርበው የመጨረሻ ፈተና በሞሪሸስ ደሴት የሚገኝ አንድ ዛፍ ነው። በኩሬፒፕ ከተማ የዕፅዋት ሥፍራ ሃዮፎርቤ አማሪካውሊስ የሚባል ዘንባባ ቆሟል፤ ከወገኑ ሌላ ያደገ ዛፍ በዓለም አይታወቅም። ወንዴና ሴቴ አበቦቹ በአንድ ዛፍ ላይ ቢሆኑም በአንድ ጊዜ ስለማይፈኩ ራሱን በራሱ አያፀንስም። ሊቃውንት ከፍሬው ፅንሱን አውጥተው በብርጭቆ ውስጥ ቡቃያ ለማብቀል ሞክረዋል፤ ቡቃያዎቹ ከብርጭቆው ሲወጡ ደረቁ። የቅርብ ዘመዶቹ ግን በዓለም የአትክልት ሥፍራዎች ሞልተዋል፤ አንዱ ከሞሪሸስ በስተሰሜን ካለችው ከራውንድ አይላንድ የመጣው፣ ግንዱ እንደ ጠርሙስ ያበጠው ዘንባባ ነው፤ ሌላው ከሮድሪግስ ደሴት የመጣው፣ በእንዝርት ስም የሚጠራው ነው። እነዚህ ሁለቱ፣ በመካከላቸው ሰፊ ባሕር ሳለ ሳይገናኙ የኖሩት፣ በሰው አትክልት ውስጥ ጎን ለጎን ተተክለው ዛሬ እርስ በርሳቸው ይዳቀላሉ። ታዲያ ቢቻል፣ የብቸኛውን ዛፍ ብናኝ ወስዶ ለዘመዱ መስጠት ይገባልን? ወይስ ወገኑ በንጽሕናው እንዲያልፍ መተው?

እኔ ይገባል እላለሁ። የሞተውን ወንድሙን ስም የሚያቆም ሰው በኦሪት የተመሰገነ ነው፤ ከወገኑ አንዳች ነገር በሌላ ሥጋ ውስጥ ቢቀር፣ ጨርሶ ካለመቅረት ይሻላል። ሁለት ነገር ግን እጠይቃለሁ። የሚወለደው ዛፍ በአማሪካውሊስ ስም እንዳይጠራ፣ በእናቱና በአባቱ ስም ተጽፎ እንዲተከል፤ ደግሞም የመዳቀሉ ተስፋ ብቸኛውን ዛፍ ከመጠበቅ ሥራ አንዲት ቀን እንኳ እንዳያዘናጋ። ዛፉ አርጅቷል፤ በዐውሎ ነፋስ መንገድ ላይ በምትገኝ ደሴት ቆሟል፤ ንጹሕ ዘሩን በብርጭቆ ውስጥ ለማዳን የሚደረገው ሙከራም ቀላል ስላልሆነ፣ ማናቸውም ሌላ ሐሳብ ከዚያ ሙከራ በኋላ ሊመጣ ይገባዋል።